ባለ ሦስት ቁልፉ ዋይፋይ

ሰው በሚችለው ሙያ ቢታወቅ ምንኛ ደግ ነበር። እኔ የምታወቀው በማልችለው ነው። በኮሎራዶዋ አውሮራ ከተማ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ «ያ የኮምፒውተሩ ሰው» ካላችሁ ግን ከመዘምራኑ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ጣቱን ወደ እኔ የማይቀስር የለም።

ማዕረጉን ያገኘሁት በአንድ ወረቀት ነው። የቢሮው ማተሚያ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ሲል እኔ በአጋጣሚ በዚያ ሳልፍ ክዳኑን ከፍቼ ጎትቼ አወጣሁለት። በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ የተሰነጠቀበት፣ የኢሜይል ፓስወርዱ የጠፋበት፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከምስሉ የቀደመበት ሁሉ እኔን ይፈልጋል። እንጀራዬ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበል ነው። ከኮምፒውተር ጋር ያለን ትውውቅ «ማክሰኞ ጠዋት ይመችዎታል?» ብሎ ቀጠሮ ከመመዝገብ አያልፍም። ይህንኑ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ «አይ ትሕትና» ተባልኩ። በእኛ ዘንድ አንዴ አዋቂ ከተባላችሁ አለማወቃችሁን የሚያምናችሁ አታገኙም፤ ይባስ ብሎ ያስመሰግናችኋል። እውነቱን ለመናገር ምስጋናውን አልጠላሁትም። ያጠፋኝም እሱ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ። ፓስተራችን ስብከታቸውን የሚያነቡት ከታብሌት ነው። አንድ እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው ታብሌታቸውን ከዋይፋዩ ሊያገናኙ ቢሉ የለመዱት የቤተ ክርስቲያናችን ስም የለም። በቦታው በእንግሊዝኛ «ፓስተር፣ ስብከቱ ረዘመ» የሚል ዋይፋይ ቁጭ ብሏል። ልብ በሉ፣ እሳቸው ገና አፋቸውን አልከፈቱም።

ፓስተሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ፈገግ ብለው አለፉት። ነገር ግን ያን ዕለት ስብከቱ በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤተ ክርስቲያናችን ታይቶ አይታወቅም። ሰው በጊዜ ወጥቶ የመኪና ማቆሚያው ላይ ግራ ተጋብቶ ቆመ። እኔ በበኩሌ ያንን ስም የለወጠውን ሰው ባገኘው ምሳ እጋብዘው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ሊቀጡት ፈለጉ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ተራ በተራ ተጠየቁ፤ ሁሉም «ኢት ዋዝንት ሚ»፣ እኔ አይደለሁም አሉ፤ ሁሉም ከመጠየቂያው ክፍል ሲወጡ ሳቁ።

እንዴት እንደ ገቡ ለማወቅ ግን አዋቂ አያስፈልግም ነበር። ጣሪያችን ላይ የተለጠፈው ነጭ ሳህን የሚመስል የዋይፋይ ዕቃ በውስጡ የራሱ ገጽ አለው፤ ስሙን የምትቀይሩት፣ ሰዓቱን የምታዙት፣ የሚገባውንና የሚቀረውን የምትወስኑት በዚያ ገጽ ነው። የገጹ መግቢያ ስም «አድሚን»፣ የይለፍ ቃሉም «አድሚን» ነበር፤ ከፋብሪካ እንደ መጣ። ይህ ማለት በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ነው።

በሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ይህን ካስረዳሁ በኋላ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። እኔ ግን ማታውን አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር። «መፍትሔው ቀላል ነው» አልኩ። «የአስተዳደር ገጹን ሴኪዩር ማድረግ ነው።» ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውም አለ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ጥምጥሙን ሁለት ዙር ጠምጥሜ ነበር።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሽማግሌዎችና እኔ።

ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ ናቸው። አገር ቤት ለረጅም ዘመን የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ድምፃቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ያለ ቃለ ጉባኤ ውሃ አይጠጡም። ሁለተኛው ጋሽ ሀብቶም የአስመራ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው በአማርኛ ተምረው ከብዙዎቻችን የተሻለ አማርኛ የሚጽፉ፣ የኤርፖርት ሸትል መኪና የሚነዱ፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገሩ። ሦስተኛዋ እትዬ አልማዝ የሴቶች ኅብረት መሪ ናቸው። በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ፣ ለሦስት መቶ ሰው ምግብ ያለ ወረቀት ያዝዛሉ፣ ወረቀት የሚያበዛ ሰው ሲያዩ ይሰለቻቸዋል። ጋሽ ታደሰና እሳቸው በአንድ ኮሚቴ መቀመጣቸው በራሱ የጌታ ቸርነት ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ተሰበሰብን። እትዬ አልማዝ በጸሎት ከፈቱልን። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ማሽን ከወራሪ ጠብቀው» አሉ። ከዚያ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። እስከዛሬ ገጹ የሚከፈተው ማንም መንገደኛ ሊያነበው በሚችል መንገድ ነበር፤ የምትጽፉት ፓስወርድ ፖስታ ሳይገባ እንደሚላክ ደብዳቤ እየተገለጠ ይሄዳል። አዲሱ መንገድ ግን ደብዳቤውን ያሽገዋል። አሮጌውን ዘጋሁ፣ የታሸገውን ከፈትኩ። ዕቃው ጠፍቶ በራ። ገጹን መልሼ ስከፍተው ስክሪኑ ቀይ ሆነ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ማስጠንቀቂያውን ጮክ ብለው ወደ አማርኛ መለሱት። «ግንኙነትዎ የግል አይደለም ይላል» አሉ። ከዚያ ክፍሉን በዓይናቸው ቃኙ። «ከእኛ ሌላ ማን አለ?»

«ማንም የለም ጋሼ። ልማዱ ነው» አልኩ።

«ሰርተፍኬቱ የታመነ አይደለም ይላል ደግሞ። ማን ነው የፈረመው?»

«ራሱ ዕቃው ነው የፈረመው።»

«ራሱ፣ ለራሱ?»

«አዎ። እንዲህ ነው የሚሠሩት። ራሱ ይፈርማል፣ እኛ ደግሞ አውቀን እንቀበለዋለን።»

ጋሽ ታደሰ ወንበራቸውን ወደ ኋላ አስጠጉ። «በእኔ ጊዜ ለራሱ ሰርተፍኬት የፈረመ አንድ ተማሪ ነበር» አሉ። «አባረርኩት።»

«ማኅተምስ?» አሉ ጋሽ ሀብቶም። የዕለቱ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

ማኅተም የለውም። ይህን ማስረዳት አርባ ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ሰርተፍኬቱ በጊዜያዊነት ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ ወደፊት ግን ሌላ የታወቀ አካል እንዲፈርምለት ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እኔም «አደጋውን ተቀብዬ እቀጥላለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። እትዬ አልማዝ «በኢየሱስ ስም» አሉ።

ልቤ ሞቀ። ስለሞቀም ጨመርኩበት። ገጹ ከቢሮው ኮምፒውተር በቀር ከሌላ ከየትም እንዳይከፈት አደረግኩ፤ እሱም በኬብል። አምስት ጊዜ ፓስወርድ የተሳሳተ ሰው እንዲቆለፍበት አደረግኩ። ለስንት ጊዜ ይቆለፍ ብሎ ሲጠይቀኝ ከተደረደሩት ቁጥሮች ትልቁን መረጥኩ፤ ሃያ አራት ሰዓት። ቁጥሩ በገዘፈ መጠን እኔ ያወቅሁ መሰለኝ። ጋሽ ታደሰ ደግሞ የመዘምራኑ ወጣቶች ከልምምድ በኋላ ስልክ ይዘው እየተጎለቱ መብራት ያስፈጃሉና ዋይፋዩ እሑድ ጠዋት ብቻ ቢሠራ ምን ይመስልሃል አሉኝ። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ማዘዝ እንደምችል ለማሳየት ቸኩዬ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ድርግም፣ እሑድ ጠዋት ይብራ ብዬ ሞላሁ። በቅዳሜ ምን እንደሚደረግ አራታችንም አላሰብንም። አበሻ በአሜሪካ የሚያገባው በቅዳሜ መሆኑን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

አሁን የቀረው አዲሱ ፓስወርድ ነው።

«ማን ይይዘዋል?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እኔ» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተን ተጠራጥረን አይደለም» አሉ። ይህ አባባል በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። «ነገር ግን ሰው ነህ። ትታመማለህ። ሌላ ስቴት ትሄዳለህ።»

«የመባው ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው» አሉ እትዬ አልማዝ። «ሦስታችንም ካልተገኘን አይከፈትም። ይሄስ ለምን እንደዚያ አይሆንም?»

እውነት ነው። የእኛ ሰው ሲተማመን ቁልፍ ይካፈላል። ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሣጥኑን በሦስት ቁልፍ ቆልፎ፣ ቁልፉን ለሦስት ሰው ሰጥቶ፣ በሰላም ይተኛል። ጋሽ ታደሰ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው አጸደቁት። ስለዚህ ፓስወርዱ በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁራጭ በልባቸው መርጠው ይጽፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ሦስቱ ቁራጭ ተቀጣጥሎ አንድ ረጅም ፓስወርድ ይሆናል። በቪዲዮው ላይ ካየሁት ሁሉ ይህ የበለጠ መሰለኝ። የውጭ ሰው ይህን ቢያውቅ ይቀናብናል አልኩ በልቤ።

አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ ተወሰነ። «ለፍጹም ታማኝነት አንተም ዙር» አሉኝ ጋሽ ታደሰ። ዞርኩ። ርዕሰ መምህሩና ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ እኔም አራተኛ ሆኜ፣ እንደ አጥፊ ተማሪ እየተፈራረቅን ግድግዳ ላይ ተደረደርን። ከኋላዬ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በፍጹም። ታላቅ እያለ?»

«እኅታችን ትቅደም እንጂ። ሴት እያለች?»

«እኔ ወጥ ቤት የለመድኩ ነኝ፤ መጨረሻ ነው የምበላው። እናንተ ቅደሙ።»

ከብዙ ልመና በኋላ አንዱ ቁጭ አለ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። ጋሽ ሀብቶም በአንድ ጣት ስለሚጽፉ የእሳቸው ተራ መድረሱ በዝምታው ርዝመት ይታወቃል፤ ግን እትዬ አልማዝም ጥፍራቸውን ላለማበላሸት በአንድ ጣት ነበር የሚጽፉት። ሦስቱም ጨረሱ። ዕቃው «አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጻፉ» አለ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የቀደመው ሰው ደግሞ መቅደሙን ነውር አደረገው። «ቅድም እኔ ቀድሜያለሁ፤ አሁንስ እርስዎ ይቅደሙ።» ተቀያየሩ። ዕቃው «አይመሳሰልም» አለ። እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ተለማመኑ፤ እንደገና አይመሳሰልም። በአራተኛው ግድም፣ ደክሟቸው ይሁን ረስተውት፣ ሁለቱን ጊዜ በአንድ ተራ ጻፉና ማሽኑ አረንጓዴ አበራ።

አጨበጨብን። ጋሽ ታደሰ ቃለ ጉባኤውን አነበቡ። ማን እንደ ጸለየ አለ፤ በስንት ሰዓት እንደ ተጀመረ አለ፤ ሰርተፍኬቱ አለ። ስለ ፓስወርዱ የሰፈረው «በሦስቱ ሽማግሌዎች በሥርዓቱ ገብቷል» የሚል ነው። ሥርዓቱ የትኛው እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ማታ ሞንትቤሎ ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለሰላማዊት «ዛሬ ያንን ቤት ሰይጣን እንኳ እንዳይገባበት አድርገን ቆለፍነው» አልኳት። «ሰውስ ይገባበታል?» አለች።

ሁለት እሑድ በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በግንቦት ቅዳሜ፣ የማርታ ሠርግ ሆነ።

ማርታ ከእትዬ አልማዝ ጋር በመጦሪያው የምትሠራ፣ ከመዘምራኑ መሃል ቆማ ከሁሉ በላይ የምትሰማ፣ የምንወዳት ልጅ ናት። እናቷ እማማ በላይነሽ የሚኖሩት አዳማ ነው። ለሠርጉ ለመምጣት ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀው ሁለቱንም ጊዜ ተከልክለዋል። ስለዚህ ሥርዓቱን በቀጥታ በቪዲዮ እንዲያዩ፣ እሳቸውም በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ እንዲታዩ ተዘጋጀ። በእኛ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በእሳቸው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ስልኩ ፊት መቀመጣቸውን ማርታ ከጠዋት ጀምራ ለሁሉም ነግራለች።

ቪዲዮ አንሺው አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ትከሻዬን ነካኝ። «ብሮ፣ ዋይፋይ የለም እንዴ? ኮኔክት አያደርግም።»

ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ።

«የስልክህን ተጠቀም» ትሉኝ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችን ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ ድሮ የምንጣፍ መጋዘን የነበረ ሕንፃ ነው፤ ቆርቆሮው የስልክ ሲግናል አያስገባም። የፓስተሩ ስብከት ሲረዝም ሰው ስልክ የማይነካካው ከቅድስና አይደለም። ውጭ ያለው ሲግናል መልካም ነበር፤ ግን በጠዋት ፀሐይ የነበረው ሰማይ በግንቦት በረዶ ማውረድ ጀምሯል። ይህ ኮሎራዶ ነው፤ አይጠየቅም። ቢሮው ውስጥ በኬብል የሚሠራው ኮምፒውተር ካሜራ የለውም። ወደ ገጹ ገብቼ ሰዓቱን መቀየር ብቻ ነው ያለኝ፤ ለዚያ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ያስፈልገኛል።

እዚህ ላይ የአበሻን ሰዓት ላመሰግን እወዳለሁ። መጥሪያው ላይ አምስት ሰዓት የተባለው ሠርግ አምስት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ከእነሱ አራቱ ፈረንጅ። ለአንድ ሰዓት ያህል የሚያውቅብኝ አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ መጡ። እትዬ አልማዝን ከወጥ ቤት ጠራኋቸው፤ እጃቸው ቅቤ ነው። «ታጥቤ ልምጣ፣ ቁልፉን እንዳላቆሽሸው» አሉ። ጋሽ ሀብቶም መንገደኛ ሊያወርዱ ኤርፖርት ሄደዋል። ደወልኩላቸው። «እየመጣሁ ነው» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሱፋቸው ላይ በረዶ ይዘው ገቡ። «የት ፓርክ እንዳደረግኩ አትጠይቁኝ» አሉ፤ ይህ ለእሳቸው ንግግር ነው።

«እሺ» አልኩ፣ «ያን ቀን ማን ነበር የቀደመው?»

ሦስቱም ተያዩ።

«እርሳቸው ናቸው» አሉ ጋሽ ታደሰ ወደ ጋሽ ሀብቶም እያሳዩ።

ጋሽ ሀብቶም ደነገጡ። «እኔ? እርስዎ እያሉ? አላደርገውም።»

«እኔም አልቀደምኩም» አሉ እትዬ አልማዝ። «እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። ሁለታችሁ ተነጋገሩ።»

«እኅቴ፣ ሴት ትቅደም ብለናል እኮ።»

«ብላችኋል፤ እኔ ግን እሺ አላልኩም።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ቀድሜ ነበር ብሎ ማመን ትዕቢት ሆነባቸው። ከሦስት የተከበሩ ሰዎች መካከል ፊተኛው እኔ ነኝ የሚል ጠፋ። ሌላው ሕዝብ ፊተኛ ለመሆን ይጣላል፤ እኛ ኋለኛ ለመሆን ተጣልተን ሠርግ አስቆምን።

ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ሦስት ሰው በስድስት ዓይነት ተራ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ የፈቀድኩት አምስት ስሕተት ነው። ሞከርን። አሁንም ሌሎቻችን የሠርግ ልብሳችንን ለብሰን ወደ ግድግዳ ዞረን። የመጀመሪያው ተራ ስሕተት አለ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ጋሽ ሀብቶም ሲጽፉ ቆዩና «ይቅርታ፣ አንድ ፊደል የደገምኩ ይመስለኛል» አሉ፤ ስለዚህ የተሳሳተው ተራው ይሁን ጣታቸው አላወቅንም። በአራተኛው ሙሽራው ራሱ ከበሩ አንገቱን አስገብቶ «ሪስታርት ብታደርጉትስ?» አለ። እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ግድግዳ እያዩ ሲያገኝ ግን በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። አምስተኛውን ሞከርን። ስክሪኑ ቀላ። ሃያ አራት ሰዓት።

በዚህ መሃል አዳራሹ ሞልቷል። ሙሽራዋ መኪናው ውስጥ ናት፤ አትገባም። «ሂድና ራስህ ንገራት» አለችኝ ሰላማዊት። «ትግባ ብለህ ለምናት።»

በረዶው ውስጥ ወጣሁ። ማርታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ቬሏን ጭኗ ላይ ሰብስባ ስልኳን ይዛለች፤ ስልኩ ላይ እናቷ ናቸው፤ ውጭ ሲግናል አለ ብያችኋለሁ። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል። «ምንም አይደል የኔ ልጅ፣ እኔን አትጠብቂ፣ ሰው ቆመ፣ ግቢ» ይላሉ። ከኋላቸው የጎረቤት ድምፅ «ኧረ ይከፈታል፣ ታገሱ» ይላል።

«ማርትዬ፣ ቴክኒካል ችግር ነው» አልኳት።

አየችኝ። «እማዬን ሁለት ጊዜ ከለከሏት» አለች። «ሁለት ጊዜ ተሰልፋ፣ ሁለት ጊዜ አልቅሳ ተመለሰች። ዛሬ ደግሞ የከለከልካት አንተ ነህ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እማዬ ሳታየኝ አልገባም። እስከ እሑድ ከሆነ እስከ እሑድ እቀመጣለሁ።»

እዚያ በረዶ ውስጥ ቆሜ አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ማንም ወራሪ ወደዚያ ዕቃ ሊገባ አልመጣም፤ ሊገቡ የመጡት አንዲት እናት ነበሩ፤ እሳቸውን ነበር የቆለፍኩባቸው።

ተመለስኩና ያወቅሁትን ተናገርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀው ነበር። ዕቃው ጎኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው። ስል ነገር አስገብተው አሥር ሴኮንድ ቢይዟት ሁሉን ረስቶ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሆናል፤ ሰርተፍኬቱም፣ ሦስቱ ቁልፍም፣ የእሑዱ ሰዓትም ይጠፋል። እስከዚያ ድረስ ያልተናገርኩት ሥራዬ እንዳይጠፋ ስሳሳ ነው።

ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ይህ በቃለ ጉባኤ የተወሰነ ነገር ነው» አሉ። «የሚሻረውም በቃለ ጉባኤ ነው። ምልዓተ ጉባኤ አለን፤ አጀንዳ እንያዝ።» ብዕራቸውንም አወጡ።

እትዬ አልማዝ አጀንዳውን አልጠበቁም። እጃቸውን ወደ አናታቸው ሰደው ከተሠራው ጸጉራቸው አንዱን ማስያዣ ሽቦ መዘዙና ሰጡኝ። «ውጣ» አሉኝ።

ዕቃው ያለው አዳራሹ ጣሪያ ላይ ነው። ሦስት መቶ ሰው እያየኝ በአበቦቹ መካከል መሰላል ተከልኩ። ጋሽ ሀብቶም እግሩን ያዙልኝ። ከፍታ እፈራለሁ፤ ያን ለት ግን ከታች ካለው ይልቅ ላይኛው ተሻለኝ። ሽቦውን አስገብቼ ተጫንኩ። ጋሽ ታደሰ ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ከዚያ በዚያ በርዕሰ መምህር ድምፃቸው «አንድ፣ ሁለት» ብለው ይቆጥሩልኝ ጀመር። አሥር ሲሉ መብራቱ ጠፋ። ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ ሆኖ በራ።

«አድሚን፣ አድሚን» አልኩት ቪዲዮ አንሺውን። «ካስፈለገህ።» አላስፈለገውም። የፋብሪካው ዋይፋይ የይለፍ ቃል እንኳ አልጠየቀውም፤ በሩ ለሁሉም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ትልቁ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የአንድ ሰው ጆሮ ታየ፣ ቀጥሎ ብዙ ጎረቤት፣ ቀጥሎ እማማ በላይነሽ። የአዳራሹ በር ተከፈተና ማርታ ገባች፤ ወደ ሙሽራው ሳይሆን ወደ ስክሪኑ እያየች ነው የመጣችው።

«እማማ፣ ይታይዎታል?» አሉ ፓስተሩ።

«ይታየኛል ልጆቼ» አሉ። «ልጄ ይታየኛል። ቀሚሷም ይታየኛል። ከስታለች።» ሰው እየሳቀ አለቀሰ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ እኛ ተጠጉ። «መሰላል ላይ ያለው ልጅ ማን ነው?»

ለመውረድ አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር፤ ቀረሁ። ፓስተሩ ጨዋ ሰው ናቸው ብያለሁ። «የኮምፒውተሩ ወንድማችን ነው እማማ። እርስዎን ለማገናኘት ከጠዋት ጀምሮ ሲደክም የዋለው እሱ ነው» አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወለሉን አዩ። ሰላማዊት ጣሪያውን አየች።

እማማ በላይነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ በር ማንኳኳት የሰለቸኝ ሰው ነኝ። ሌላው ሁሉ ሲዘጋብኝ አንተ ከፈትክልኝ። ጌታ ሳታንኳኳ ይክፈትልህ። የልጆችህን ሠርግ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠህ እይ።»

ይህንን ምርቃት መውሰድ ሌብነት ነበር። ድፍረቴን ሁሉ አሰባስቤ፣ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ «እማማ፣ የዘጋሁብዎ እኔ ነኝ» አልኩ።

ያን ጊዜ ግን ሦስት መቶው ሰው ባንድ ድምፅ «አሜን» ብሎ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም። እትዬ አልማዝ ከታች ሆነው «አሜን በል እንጂ አንተ» አሉኝ። አልኩ።